በካሣነሽ ቃል የተካበ ተራራ

«ችግኙን ተክለው ይጨርሱ እንጂ፣ ተራራው የማን እንደሆነ ኋላ ይሰሙታል» የሚለውን ቃል ካሣነሽ የሰማችው በወንድሟ ጓዳ ተቀምጣ የእግሯን ጭቃ በስንጥር ስትፍቅ ነው። ዓመቱ ስድሳ አምስት፣ ወሩ ሰኔ ነበር። አርብ ገበያ የደረሰችው ገበያው ሳይሞላ ስለነበር የወንድሟ ሚስት ዓለምጸሐይ በጓሮ በር አስገብታ፣ «ሳሎን እንግዳ አለ፤ እስኪወጡ እዚህ አረፍ ይበሉ፣ እትዬ» ብላት ወደ ማጀቷ ተመልሳለች። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ጭቃው በወዲያ በኩል ብቻ ተመርጎ ወዲህ እንጨቱ አግጥጦ የቀረ ስለሆነ ድምፅ አያግድም። የተናገረው ወንድሟ ቀለመ ወርቅ ነው። እንግዳውንም በሳላቸው ለየቻቸው። ግራዝማች ተሻገር ናቸው፣ የምክትል ወረዳው ገዥ የፊታውራሪ መልአኩ ወኪል።

«ጠፍ መሬት ነው ተብሎ ለፊታውራሪ ተመርቷል፤ ያ ነገር አልቋል» አሉ ግራዝማች። «ከሐምሌ ወዲህ እዚያ የተገኘ ከብት ፊታውራሪ በረት ገብቶ ያድራል። ላንተም የግርጌዋ ቁራሽ እንደተባለው ናት። እኔን ያሳሰበኝ ያቺ እኅትህ ናት። ሰፈሩን ያሳመነችው እሷ ናት ይላሉ።»

«እሷን ለኔ ይተዉልኝ» አለ ቀለመ ወርቅ፣ ሳቅ ብሎ። «እሷ እኔ ያልኳትን ታምናለች።»

ስንጥሩ በእጇ እንደተያዘ ቀረ። መጀመሪያ ንዴት አልመጣባትም፤ ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ ነው የመሰላት። ቀጥሎ ያ ሳቅ ሰውነቷ ውስጥ ገባ። እናታቸው ስትሞት ቀለመ ወርቅ ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው፣ ቤተ ልሔም ለድጓ ሲገባም ስንቁን በጀርባዋ ያደረሰችለት። አምና ጥር ላይ የመንግሥት የአፈር ጥበቃ ሥራ ኃላፊ ሆኖ ወደ ሰፈሯ ሲመጣ፣ «ሊለኩን ነው፣ ቀላድ ሊጥሉብን ነው» ብሎ ሰው ሁሉ ሸሸው። የወፍ ማረፊያ ተራራ የሰፈሩ የወል ግጦሽ ነው፤ በጋ ሲጠና ከብቱ ነፍሱ የምትተርፈው በዚያ ተራራ ሣር ነው። ቤት ለቤት ዞራ የለመነች ካሣነሽ ናት። «ወንድሜ ነው የነገረኝ» እያለች፣ «እርከን ሠርተን ሁለት ክረምት ከከብት ብንጠብቀው አፈሩ ይመለስልናል፤ ለጉልበታችን ስንዴና ዘይት ይሰፈርልናል፤ ተራራው የኛው ነው» እያለች። ሰው ዶማውን ይዞ የወጣው በመንግሥት አምኖ አልነበረም፣ በቀለመ ወርቅም አልነበረም። በእሷ ነው።

ይበልጥ የሚያንገበግበው ደግሞ ሥራው ውሸት አለመሆኑ ነው። በጋውን ሙሉ ወንዱ ድንጋይ ሲፈነቅል ሴቱ ሲሸከም፣ ተራራው ከወገቡ እስከ ግርጌው በካብ ተቀነተ። የበልጉ ዝናብ በዘነበ ማግስት ካሣነሽ ወጥታ ስታይ፣ ወትሮ ወደ ወንዝ ወርዶ የሚሄደው ጥቁር አፈር ካቡ ሥር ቆሞ ጠበቃት። በእፍኟ ዘግና አሽትታው ነበር። ባሏ ላቀው ግን ይህን አላየም። ከላይ የተንሸራተተ ድንጋይ እግሩን ጨፍልቆት ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ከመደብ አልወረደም፤ «እግሬ ቢቀርም ሣሩ ለልጆቹ ይተርፋል» ሲል ነው የከረመው። ካሣነሽ ጓዳ ውስጥ ሆና ይህን የላቀውን ቃል ስታስታውስ ነው ስንጥሩን ሰብራ የጣለችው።

ግራዝማች ሲወጡ ቀለመ ወርቅ እጁን ዘርግቶ ወደ ጓዳ መጣ። ጉልበቷን ስሞ፣ «ምነው እዚህ ጨለማ ውስጥ አስቀመጡሽ፣ እትዬ» እያለ ወደ ሳሎን አወጣት። ሳሎኑ ካለፈው ጊዜ ተለውጧል። ጣሪያው ሥር ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል፤ ጥግ ላይ አዲስ ቁም ሳጥን ቆሟል፤ የዓለምጸሐይ አልጋ ልብስ ሽንት የሚመስል ቢጫ አበባ አለበት። ምሳ ቀረበ። ዓርብ ነው፣ የሐዋርያት ጾምም ገብቷል፤ ገበታው ላይ ያለው ሽሮ ነው። ሽሮው ግን ያብረቀርቃል። ከእንጀራው ዳር ዳር ዘይት ጠብ ጠብ ብሎ ቀለም ሠርቷል። ካሣነሽ ዓይኗን ከዚያ ዘይት ላይ ማንሳት አልቻለችም። በዚያ ሰሞን እርከን የሠራው ሁሉ ዘይቱን ሲጠይቅ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ዘይቱ አልመጣም ተብሎ ነበር። የጎረቤቷ የተክሌ ሚስት አራስ ሆና በጨውና በውኃ የተሠራ ሽሮ ስትበላ ካሣነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ «ይመጣል፣ ወንድሜ ይልከዋል» ብላ አጽናንታታለች። ማጀቱ በር ላይ ክዳኑ የተበሳ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ሌሎች ያልተከፈቱም ከኋላው ተደርድረዋል። ማንም ሊደብቃቸው አልሞከረም። ንዴቷ ወደ እጆቿ የወረደው ያኔ ነው፤ ከነጠላዋ ሥር ደበቀቻቸው።

«ብዪ እንጂ» አላት ቀለመ ወርቅ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«እናንተ ባላገሮች ጾሙን አጠበቃችሁት» ብሎ መጉረሱን ቀጠለ። ስለ መንገዱ ጭቃ ጠየቃት፣ ስለ ላቀው እግር ጠየቃት። የገብስ ዋጋ ከሰሞኑ እንደ እሳት መሆኑን፣ ወገዳ ገበያ ደግሞ ጭራሽ እህል የሚሸጥ እንደጠፋ ነገራት። እሷ እየሰማች የጉንጩን መሙላት ታያለች። ከዚያ የከረመ ነገር የምትጠይቅ ይመስል ቀስ ብላ፣ «ቀለመ ወርቅ፣ ተራራው የማነው?» አለችው።

ዓለምጸሐይ የእጅ ውኃ ይዛ እየመጣች ነበር፤ መሐል ቤቱ ላይ ቆመች። ቀለመ ወርቅ የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ፣ የእኅቱንም ዓይን ትክ ብሎ አየ። «የናንተ ነዋ፣ እትዬ። የማን ሊሆን ኖሯል?» አላት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ይልቅስ አንድ ነገር አግዢኝ። ዛሬ ከጠቅላይ ግዛቱ ባለሙያ መጥቷል። ከመጋዘኑ ደጅ ችግኝ ለየሰው ይታደላል፣ ይዘው ሲወጡ ስንዴው ይሰፈራል። አንዳንዱ ሰው ግን ያጉረመርማል አሉ። አንቺ ቆመሽ ሁለት ቃል ብትናገሪ ይበቃል። አንቺን ይሰማሉ።»

ዓለምጸሐይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሁሉንም እንደምታውቅ ከአንገቷ አደፋፍ ታወቀ። ካሣነሽ አንድ ቃል ከእሷ ጠበቀች፣ አልመጣም። «እሺ፣ እናገራለሁ» አለች ካሣነሽ በመጨረሻ፣ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

ገበያው ያን ሰዓት ደምቋል። ቀለመ ወርቅ ጥላውን ዘርግቶ ከፊት ይሄዳል፣ ሰው ለሱ መንገድ ይለቃል፣ ነጋዴው ከሱቁ በር ብድግ ብሎ እጅ ይነሣል። እህል ተራው ላይ ግን አንዲት ሴት የርዳታ ስንዴ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ ጆንያው ላይ ያለው ምልክት አልተፋቀም። ካሣነሽ ቆም ብላ አየችው። ቀለመ ወርቅ አብሯት ቆሞ አየው፣ ከዚያም ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠለ። እሷ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት፤ ወንድሟ ስላላፈረ አይደለም የማይደብቀው፣ የእሷን ማየት ከማየት ስላልቆጠረው ነው። ማን ናት እሷ? ጓዳ የምትቀመጥ፣ ያሏትን የምታምን ባላገር እኅት።

መጋዘኑ የአንድ ነጋዴ ቆርቆሮ ቤት ነው። ደጁ ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ በየእስሩ በጭራሮ ሳጥን ተደርድሮ ይጠብቃል፣ ዙሪያውን የወፍ ማረፊያ ሰው ሁሉ አለ። ወንዶቹ በትራቸውን ተደግፈው፣ ሴቶቹ ባዶ ስልቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው። መምሬ ገብረ ማርያም ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ይሁኔ የሚባለው ባለሙያ ገና ወጣት ነው፣ ቦት ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ስለ አፈሩ ሲናገር ከልቡ መሆኑ ያስታውቃል። «ይህ ካብ ባይሠራ ኖሮ ልጆቻችሁ የሚያርሱት አፈር አያገኙም ነበር» አለ። ሰዉ በአንገቱ ተስማማ፤ በዓይኑ አይቶታልና። ግራዝማች ተሻገር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስላሉ።

«እኅቴ የምትናገረው አለ» አለ ቀለመ ወርቅ፣ ክንዷን ይዞ ወደ መሐል እየመራት።

ካሣነሽ ክንዷን አስለቀቀች። ሰዉን ስታይ የሁሉም ፊት የታወቀ ነው፤ የያንዳንዱ ቤት መደብ ላይ ተቀምጣ የለመነችውን ታስታውሳለች። «አምና በየቤታችሁ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጮኸም፣ ግን ተሰማ። «ተራራው የናንተ ሆኖ ይቀራል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ዛሬ ጠዋት በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ጠፍ መሬት ተብሎ ለፊታውራሪ መልአኩ ተሰጥቷል። ችግኙን የምንተክለው ለሳቸው ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ከብቶቻችን እዚያ ቢገኙ ይነዳሉ። ወንድሜም ድርሻ አለው። አልመጣም ያሏችሁን ዘይት ደግሞ እቤቱ አይቼው ነው የመጣሁት።»

አንድ ሽማግሌ በትሩን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረ። ቀለመ ወርቅ ፈገግ ለማለት ሞክሮ፣ «ደክሟታል፤ ባሏ ከታመመ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የሰማችው ሌላ ነው» አለ። ግራዝማች ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «ይቺን ሴት ያዙልኝ፣ ሕዝብ እያሳደመች ነው» ሲሉ አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ ሰዉን አየ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ፣ ከቆመበት ግን አልተንቀሳቀሰም። ይሁኔ ወደ ቀለመ ወርቅ ዞሮ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። መልስ ሳያገኝ ዓይኑን ወደ ችግኞቹ መለሰ፤ «የመሬት ነገር የኔ ሥራ አይደለም» አለ ለራሱ እንደሚነግር። ካሣነሽ ከማንም ይልቅ በዚህ ሰው ተናደደች። አፈሩን የሚወድ መስሏት ነበር።

መምሬ ገብረ ማርያም ከድንጋያቸው ተነሥተው መጡ። ቀለመ ወርቅን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን ከእጀ ጠባባቸው አወጡና ፊቱ አቀረቡለት። «ልጄ፣ እኔ ሕግ አላውቅም» አሉት። «ይህን ሳመውና ሐሰት ነው በል። እኛም እሷን ገሥጸን ችግኙን ተሸክመን እንወጣለን።»

ቀለመ ወርቅ ዘወትር መንገድ ላይ ቄስ ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ሮጦ የሚሳለም ሰው ነው። አሁን መስቀሉን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ላብ ከጆሮው ሥር ወርዶ የሸሚዙ አንገትጌ ውስጥ ገባ። «መምሬ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እዚህ መስቀል ምን ያደርጋል» አለ። መምሬ ገብረ ማርያም ክንዳቸው እስኪዝል ዘርግተው ጠበቁት፤ ከዚያ መስቀሉን ወደ እጀ ጠባባቸው መልሰው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ችግኝ ያልያዘ ስንዴ የለውም!» አለ ቀለመ ወርቅ፣ ድምፁ ተሰብሮ። የመጋዘኑን በር ራሱ ሄዶ ዘጋው። ያን ጊዜ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ መንገድ ጀመረ። ገሚሱ ቆሞ ቀረ፤ ቤቱ ምን እንዳለ ያውቃላ። ተክሌ መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ሄዶ አንድ እስር ችግኝ አነሣ፤ በካሣነሽ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። «አራስ አለችኝ፣ ካሣነሽ» አለ ብቻ። እሷም በሱ አልተናደደችም። እሱን እንዲህ አንገት ያስደፋው ነገር ነው ሰውነቷን ያነደደው። ከሱ ኋላ ሌሎችም አነሡ፤ በሩም ተከፈተላቸው።

እሷ ባዶዋን ከከተማው ወጣች። ቁልቁለቱን ሳትጀምር ከኋላዋ የአህያ ኮቴ ሰማች። ቀለመ ወርቅ ነው፣ ጥላውን ትቶ፣ ጫማው ጭቃ ውጦት፣ ስንዴ የተጫነች አህያ ራሱ እየነዳ። አጠገቧ ሲደርስ ማለክለኩ አላናገረውም። ልጅ ሳለ ሮጦ ሲደርስባት እንዲህ ነበር፤ ልትራራለት ስትል ያቺ የጠዋት ሳቁ ትዝ አለቻት።

«ውሰጂው» አላት። «የላቀውም የጉልበት ዋጋ አለበት። ሌላ አልጠይቅሽም፤ ሰኞ ፊታውራሪ ዘንድ ቀርበሽ ጆሮዬ አሳስቶኝ ነው በዪ። አለዚያ እኔን ከሥራ ያባርሩኛል፤ አንቺንም ያስሩሻል። እትዬ፣ እኔ እሺ ባልል ሌላ ሰው አምጥተው ያደርጉት ነበር። እኔ ምን ላድርግ?»

«ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለችው። «ጓዳህ ተቀምጬ ከምሰማው፣ መጥተህ እንዲህ ሊያደርጉን ነው ብትለኝ ምን ነበረበት? ተራራው የማነው ብዬ ጠየቅሁህ። ዓይኔን እያየህ ነው የዋሸኸኝ።»

ጆንያውን አየችው። ቤቷ ለእሑድ የሚሆን ዱቄት እንኳ የለም፤ ላቀው በሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃታል። ድንጋዩን የተሸከመችበት ነው፣ ላቀው እግሩን የሰጠበት ነው፣ ከማንም የተለመነ አይደለም። እጇ ሳታዝዘው ወደ ጆንያው ሄደ። የጆንያው ገመድ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ግማሹ ሰፈር ባዶ ስልቻ ይዞ ሲገባ እኔ ስንዴ ጭኜ ልግባ?» አለች። «ከዚያ ወዲያ ማን ቃሌን ይሰማል? ሁለተኛ ልትሸጠኝ ነው የመጣኸው?»

«እኅቴ ነሽ እኮ» አለ።

«ነኝ። እሱ አይፋቅም።» አህያዋን በአንገቷ ይዛ ወደ ከተማው አዞረቻት፣ ጭኗንም በመዳፏ መታ አደረገቻት። አህያዋ ሄደች፤ ቀለመ ወርቅ መንገዱ መሐል ቆሞ ቀረ። ካሣነሽ ቁልቁለቱን ወረደች። ያለቀሰችው ወንዙን ስትሻገር ነው፤ ፊቷን በዚያው ታጠበችና መንገዷን ቀጠለች።

የወፍ ማረፊያ ሥር ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቀድመዋት የገቡት ከብቶቻቸውን ከየበረቱ አውጥተው ተራራው ላይ ለቀዋል። ግጦሹ ከተዘጋ ወዲህ ላሞቹ የዚያን ሣር በአፋቸው አልነኩም፤ አንገታቸውን ቀብረው ሲነጩ ድምፁ ይሰማል። ተክሌ ከግርጌው ካብ ላይ ተቀምጧል፤ ችግኙ እንደታሰረ አጠገቡ ወድቋል። ከላይ ጎረምሶች ካቡን በእግራቸው እየገፉ ድንጋዩን ወደ ታች ይለቃሉ። አንድ ድንጋይ እየነጠረ በአጠገቧ አለፈ። ለፊታውራሪ ካብ አይተርፍም ይላሉ፣ ይስቃሉም፤ ሳቃቸው ግን ሳቅ አይደለም። ካሣነሽ ከወንድሟ ጋር ስትነጋገር ያልጮኸችውን እዚህ ጮኸች።

«ድንጋዩን ተዉ! ካቡ ምን አደረገ? የካብነው እኛ አይደለንም እንዴ? ከብቱን በመንገዱ አግቡት። ካቡን አትንኩ!»

ጎረምሶቹ ቆሙ። ተክሌ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አንድ የወደቀ ድንጋይ አንሥቶ ቦታው መለሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላም መለሰ። ካሣነሽ ወደ ቤቷ ሄዳ ቀይ ላሟንና ጥጃዋን ፈትታ በመንገዱ አስገባቻቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻቸው፣ ተመልሳም ገባች።

ላቀው መደቡ ላይ ነው። ባዶ እጇን አየ። ስንዴው የታለ ብሎ አልጠየቀም፤ ከብት ሲነዳና ሰው ሲጮህ ሰምቷል። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረችው፤ ጓዳውን፣ ዘይቱን፣ መስቀሉን፣ አህያዋን። ስትጨርስ የታሰረ እግሩን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። እሷ፣ አሁን ይሰድበኛል፣ ወይ ያለቅሳል ብላ አንገቷን ደፋች።

«ግራዝማች ሰው ይልካሉ» አለ ላቀው።

«ይልካሉ።»

«ከብቶቹ ተራራው ላይ ናቸው?»

«እዚያው ናቸው።»

«ማን አለ አብሯቸው?»

«እስካሁን ተክሌ ነበር። ጎረምሶቹም አሉ።»

ላቀው እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ፤ በትሩ ከደረሰበት አልፎ ስለቆመ አልያዘውም። «አቀብዪኝ» አላት። አቀበለችው። ጥርሱን ነክሶ ከመደቡ ወረደ፣ የታመመውን እግሩን መሬት ሲያስነካ ፊቱ ተኮማተረ፣ ግን አልተቀመጠም። ጋቢውን ከትከሻው ላይ ጣለችለት፣ በብብቱ ሥር ገባችና ደገፈችው። ደጃፉን ሲያልፉ ቆም ብሎ ተራራውን አየ፤ እግሩን ከተመታ ወዲህ ካቡን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«ይህን ሁሉ ሠርተነዋል?» አለ።

ሽቅብ መውጣት ጀመሩ።